የመጀመሪያዎቹ የኢንተርኔት አጠቃቀም ደንቦች የማንን ገንዘብ ይጠብቁ ነበር?

ሰብለ (ባሕር ዳር)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

የምሠራበት ኮሌጅ ለተማሪዎቹና ለመምህራኑ የኔትወርክ አጠቃቀም ደንብ እንዲያዘጋጅ አንድ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ እኔም ከቤተ መጻሕፍት ክፍል ተወክዬ ገብቻለሁ። በእጃችን ያለው ረቂቅ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ የተገጣጠመ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «የተከለከለ ነው» እያለ የሚሄድ ጽሑፍ ነው። ባለፈው ስብሰባ «ማናቸውም የንግድ እንቅስቃሴ የተከለከለ ነው» የሚለው አንቀጽ ለምን እንደገባ ብጠይቅ፣ «በሁሉም ዘንድ ያለ ነው» ከመባል በቀር መልስ አላገኘሁም። በሁሉም ዘንድ ያለ ከሆነ አንድ ቦታ የጀመረ መሆን አለበት። ኢንተርኔት ገና በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት እጅ በነበረበት ዘመን እነዚህን ደንቦች ማን ጻፋቸው? ምን አስገድዶት? በተግባርስ የሠሩት የትኞቹ ናቸው? በጊዜው የነበራችሁም ሆናችሁ ጉዳዩን ያጠናችሁ ብታስረዱኝ ረቂቁን ከመሠረቱ ለማስተካከል ይረዳኛል።

በቀለ ዘሚቺጋን

እኅቴ ሰብለ፣ የጠቀሱት አንቀጽ ምንጩ ይታወቃል። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን በ1986 የሱፐርኮምፒውተር ማዕከላትን እርስ በርስ የሚያገናኝ ኤንኤስኤፍኔት የተባለ መረብ ዘረጋ። መስመሩ ሲጀመር ፍጥነቱ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ብቻ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት ዛሬ በስልካችን የምናነሳትን አንዲት ፎቶግራፍ ለመላክ ደቂቃዎች ይፈጃል። በ1987 ሥራውን በዚሁ በሚቺጋን የሚገኘው ሜሪት የተባለ የዩኒቨርሲቲዎች የመረብ ድርጅት ከኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤምና ከስልክ ኩባንያው ኤምሲአይ ጋር ሆኖ ተረከበ፤ በ1988 አጋማሽ 13 ጣቢያዎችን የሚያገናኘው ዋና መስመር ወደ 1.5 ሜጋቢት ከፍ አለ፤ በ1991 ደግሞ ወደ 45 ሜጋቢት መሸጋገር ጀመረ። ዩኒቨርሲቲዎች በየአካባቢያቸው መረብ በኩል ከዚህ መስመር ጋር ይያያዙ ስለነበር፣ የመስመሩ ባለቤት ያወጣው ደንብ በብዙ ተቋማት ላይ ጥላውን አጠላ።

ደንቡ አንድ ገጽ ያህል ብቻ ነበር። የ1992ቱ ቅጂ የሚጀምረው ከክልከላ ሳይሆን ከዓላማ ነው። ዋናው መስመር የተዘረጋው በአሜሪካ የምርምርና የትምህርት ተቋማት ውስጥና መካከል የሚካሄደውን ክፍት ምርምርና ትምህርት ለመደገፍ ነው፤ ለትርፍ የቆሙ ድርጅቶችም የምርምር ክፍሎቻቸው በእንዲህ ያለ ክፍት የምሁራን ግንኙነት እስከተሳተፉ ድረስ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ ከዚህ ውጭ ያለ አጠቃቀም ተቀባይነት የለውም ይላል። ቀጥሎ የተፈቀዱትን ይዘረዝራል። ከውጭ አገር ተመራማሪዎች ጋር መጻጻፍ ይፈቀዳል፤ ይህም የእነርሱ መረብ ለአሜሪካ ተመራማሪዎች በአጸፋው በሩን የከፈተ ከሆነ ነው። ለምርምር ገንዘብ ማመልከት ይፈቀዳል፤ ሌላ ዓይነት የገንዘብ ማሰባሰብ ግን አይፈቀድም። ለምርምርና ለማስተማር የሚያገለግል አዲስ ምርት መውጣቱን ማሳወቅ ይቻላል፤ ማስታወቂያ መንገር ግን በምንም መልኩ አይቻልም። በመጨረሻ የሚመጡት ክልከላዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከላይ ከተፈቀደው ውጭ ለትርፍ የሚደረግ ሥራና መረቡን ለግል ጉዳይ በሰፊው መጠቀም።

እኔ ያኔ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበርኩ። አካውንት የሚሰጠው በኮምፒውተር ማዕከሉ መስኮት አንዲት ወረቀት ተነብባ ከተፈረመች በኋላ ነበር፤ ወረቀቷ ከላይ ዓላማውን ትናገራለች፣ ከታች የይለፍ ቃልን ለሌላ ሰው አሳልፎ አለመስጠትን ታሳስባለች። እኛ ሐበሻ ተማሪዎች ከከተማ ከተማ ስንጻጻፍ የጥናቱ ጉዳይም፣ የአገር ቤት ወሬም፣ የሠርግ ጥሪም አብሮ ይሄድ ነበር። የማዕከሉ ኃላፊ ይህን ያውቁ ነበር፤ የሚቆጡት ትልልቅ ፋይል በሥራ ሰዓት ስናወርድ እንጂ ደብዳቤ ስንጽፍ አልነበረም። ደንቡም ከተፈቀደው ሥራ ጎን ለጎን የሚመጣ ጥቃቅን ግንኙነትን በግልጽ ስለሚፈቅድ ትክክል ነበሩ።

ዮናታን (ቨርጂኒያ፣ የኔትወርክ መሐንዲስ)

ጋሽ በቀለ የደንቡን ይዘት በትክክል አስቀምጠዋል። ኮሚቴው ይህን ደንብ አርአያ አድርጎ ከመውሰዱ በፊት ግን አንድ ነገር እንዲያጤን እፈልጋለሁ፤ ደንቡን የሚያስከብር ማሽን አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም ነበር።

መረጃ በመረብ ላይ የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ነው፤ መንገዱን የሚመራው መሣሪያ፣ ራውተር፣ የሚያየው ፓኬቱ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ነው። ለምን ጉዳይ እንደሚሄድ የሚገልጽ ቦታ ፓኬቱ ላይ የለም። አንድ የኮምፒውተር አምራች ድርጅት ሠራተኛ ጠዋት ለአንድ ፕሮፌሰር ስለ ምርምር ውጤት ይጽፋል፤ ከሰዓት በኋላ ከዚያው ኮምፒውተር ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ የግዢ ክፍል የዋጋ ዝርዝር ይልካል። የመጀመሪያው የተፈቀደ፣ ሁለተኛው የተከለከለ ነው፤ ለራውተሩ ግን በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት የለም። በዚያ ላይ ፋውንዴሽኑ ደንቡ የሚመለከተው ዋናውን መስመር ብቻ መሆኑን ገልጾ፣ ከእርሱ ጋር የሚያያዙት መረቦች የየራሳቸውን ደንብ እንዲያወጡ ትቶላቸው ነበር። ስለዚህ ሁለት ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው በየአካባቢያቸው መረብ ላይ በደንቡ መሠረት ገብተው ሳለ፣ በመካከላቸው የሚመላለሰው የንግድ ደብዳቤ የመንግሥትን መስመር እንዳይነካ ይጠበቃል። መንገዱን የሚመርጡት ግን በመካከል ያሉት ራውተሮች እንጂ ላኪው አይደለም፤ ብዙው ተጠቃሚ ደብዳቤው በየት በኩል እንዳለፈ እንኳ አያውቅም። ለተጠቃሚው በማያየው ነገር ላይ ኃላፊነት የሚጥል ደንብ ፍትሐዊ ነው ብዬ ለመቀበል ይቸግረኛል።

ደንቡ በተግባር ያመጣው ውጤት ሌላ ነው። ለንግድ ጉዳይ መስመር የሚያስፈልጋቸው ድርጅቶች በመንግሥቱ መስመር መተማመን ስላልቻሉ፣ ገንዘባቸውን ይዘው ሌላ መስመር ይፈልጉ ጀመር። እዚሁ ቨርጂኒያ በ1987 የተቋቋመው ዩዩኔትና በ1989 የተቋቋመው ፒኤስአይኔት ያደጉት በዚህ ፍላጎት ላይ ነው። በ1991 ሁለቱ ከካሊፎርኒያው ሰርፍኔት ጋር ሆነው ሲክስ የተባለውን የንግድ ኢንተርኔት መገናኛ መሠረቱ፤ ስምምነታቸውም አንዱ የሌላውን ትራፊክ ዓላማውን ሳይጠይቅና ሳይተሳሰብ እንዲቀበል ነበር። እንግዲህ ንግድን ከዋናው መስመር ያገደው ደንብ ለንግድ መስመሮች ገበያውን ከፈተላቸው። ይህን ለማድነቅም ለመውቀስም አይደለም የማነሳው፤ ኮሚቴው አንድን ነገር ሲከለክል ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ እንዲያስብ ነው። ተማሪ በኮሌጁ ዋይፋይ የተከለከለውን በስልኩ ዳታ ያደርገዋል፤ ምናልባትም ኮሌጁ የሚፈልገው እርሱን ሊሆን ይችላል።

ትዕግሥት (አዲስ አበባ፣ የሕግ ባለሙያ)

የአቶ ዮናታን ትችት በቴክኒኩ በኩል ትክክል ሆኖ ሳለ፣ አንባቢ ፋውንዴሽኑ ንግድን የጠላ ተቋም አድርጎ እንዳይረዳው እሰጋለሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በሕግ ከተሰጠው ሥልጣን ውጭ ገንዘብ ሊያወጣ አይችልም። ፋውንዴሽኑ የተቋቋመው በሳይንስና በምህንድስና ምርምርንና ትምህርትን እንዲደግፍ ነው፤ ከግብር ከፋዩ የተሰበሰበ ገንዘብ ለአንድ ነጋዴ ነጻ ማጓጓዣ ሲሆን ዝም ብሎ ቢመለከት የሚጠየቀው ራሱ ነበር። ደንቡ ከምንም በፊት ገንዘቡ ለተፈቀደለት ሥራ መዋሉን የሚያስረዳ ሰነድ ነው ብዬ አነበዋለሁ።

ተቋሙ ደንቡን ለዘለዓለም ሊያቆየውም አላሰበም። ገና በመጋቢት 1990 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መረቡ ወደ ግል ይዞታና ወደ ንግድ የሚሸጋገርበትን መንገድ የሚመረምር ጉባኤ ተካሂዶ ነበር፤ የፋውንዴሽኑን የኔትወርክ ክፍል ይመሩ የነበሩት ስቲቨን ዎልፍም መስመሩን ለገበያው የማስረከብ ሐሳብ ዋና አራማጅ ነበሩ። ከዚያ በፊት በ1989 ኤምሲአይ ሜይል የተባለው የንግድ ኢሜይል አገልግሎት፣ ከኢንተርኔት ፈጣሪዎች አንዱ ለሆኑት ለቪንት ሰርፍ በተሰጠ ፈቃድ፣ በሙከራ መልክ ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ ነበር። ይህ ሁሉ ደንቡ በሥራ ላይ ባለበት የተደረገ ነው።

ነገሩ የከረረው ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው የተከለከለ በመሰለ ጊዜ ነው። ሜሪት፣ አይቢኤምና ኤምሲአይ በ1990 ኤኤንኤስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሠረቱ፤ በ1991 ደግሞ የዚህ ድርጅት የንግድ ቅርንጫፍ፣ የፋውንዴሽኑ ትራፊክ በሚያልፍበት በዚያው መስመር ላይ የንግድ ትራፊክ እንዲያሳልፍ መንገድ ተከፈተለት። ተወዳዳሪዎቹ በመንግሥት ድጋፍ የተዘረጋ መስመር ለአንድ ወገን ጥቅም ዋለ ብለው አቤት አሉ፤ ጉዳዩም በ1992 መጋቢት ወር በኮንግረስ ፊት ቀረበ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር የቨርጂኒያው ተወካይ ሪክ ባውቸር ያቀረቡት ማሻሻያ ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ሕጉ ፋውንዴሽኑ ከምርምርና ከትምህርት በተጨማሪ ለሌላ ዓላማም በሰፊው የሚያገለግሉ መረቦችን እንዲደግፍ ፈቀደ፤ ቅድመ ሁኔታው ተጨማሪው አጠቃቀም መረቡ ምርምርንና ትምህርትን የማገልገል አቅሙን የሚያሳድግ መሆኑ ነው። ይህን ቅድመ ሁኔታ እወደዋለሁ። ሌላው ሰው በመግባቱ ዋናው ተጠቃሚ ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል ብሎ ይጠይቃል፤ ለእኅት ሰብለ ኮሚቴም «ንግድ ነው ወይስ አይደለም» ከማለት ይልቅ ይህ ጥያቄ ይሻላል።

ሰናይት (ስቶክሆልም)

ውይይቱን በትኩረት ስከታተል ነበር፤ አንድ ወገን ግን እስካሁን አልተነሣም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዋሽንግተን አካባቢ ሆቴል ውስጥ እሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም፣ ስለዚህ አካውንት አልነበረኝም። ተማሪ የነበረው የአክስቴ ልጅ ስለ አገራችን የሚደረጉትን ውይይቶች በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ እያወጣ ያመጣልኝ ነበር፤ ዳርና ዳሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ገጹ ያልተገነጠለ ረጅም ወረቀት ነው። አማርኛውም በላቲን ፊደል የተጻፈ ስለነበር ድምፄን አውጥቼ ካላነበብኩት አይገባኝም ነበር። ወረቀቱ ከእኔ ወደ ሥራ ባልደረቦቼ፣ ከእነርሱ ደግሞ ወደ ሌሎች ይተላለፍ ነበር። የሽግግሩ ዘመን ነበርና ስለ አገሩ ለማወቅ የማይጓጓ አልነበረም።

እኔ የምከፍለው ግብር መስመሩ ውስጥ ነበረበት። ደንቡ «ለምርምርና ለትምህርት» ሲል በተግባር «ዩኒቨርሲቲ ለገባ ሰው» ማለቱ ነበር። ዓላማን አስቀድሞ የሚናገር ደንብ ጥሩ ነው ስትሉ፣ ዓላማው ማንን ከደጅ እንዳስቀረ አብራችሁ ተናገሩ። በኮሌጁም ውስጥ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች አሉ። ደንቡ ስለ ተማሪዎችና ስለ መምህራን ብቻ ከተናገረ እነርሱ የት ሊገቡ ነው?

በቀለ ዘሚቺጋን (ለሰናይት)

እኅቴ ሰናይት ያሉት እውነት ነው፤ የሚያስተባብለው ነገርም የለም። በዚያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲና ከምርምር ተቋም ውጭ ለነበረው ሰው በስልክ የሚገባባቸው የንግድ አገልግሎቶች ገና ብቅ ብቅ ማለታቸው ነበር፤ ዋጋቸውም ለሁሉም የሚቀመስ አልነበረም። ሆኖም ከደጅ ያስቀረዎት ደንቡ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ደንቡ ባይኖርም አካውንቱን የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲው መስኮት ለእርስዎ አይከፈትም ነበር። ደንቡ የሚናገረው በመስመሩ ስለሚያልፈው ነገር ነው፤ ማን ይገባል የሚለውን የሚወስነው የየተቋሙ አሠራር ነበር። ኮሚቴው ሁለቱን ጥያቄዎች ለያይቶ ቢጽፋቸው መልካም ነው፤ ስለ ጽዳትና ስለ ጥበቃ ሠራተኞች ያነሡትም በመጀመሪያው አንቀጽ መመለስ አለበት።

ሙሉጌታ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁም ስለ አሜሪካ መስመር ስትጽፉ እኛ በዚያው ዘመን እዚህ የምንጠቀምበት መረብ ሌላ ደንብ እንደነበረው ላስታውሳችሁ፤ ለወይዘሮ ሰብለ ኮሌጅ ከኤንኤስኤፍኔት ይልቅ እርሱ ሳይቀርብ አይቀርም።

ኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ያገኘችው በ1997 ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት በፊዶኔት ዘዴ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። መልእክቶቹ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተጠራቅመው ይቆዩና በሞደም፣ በስልክ ጥሪ፣ ወደ ለንደን ይሻገራሉ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም ይሠራጫሉ። እኔ በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ እሠራ በነበረበት ወቅት የምጽፈውን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት አሳጥር ነበር፤ ከሌላ ሰው የመጣ ጽሑፍ ሙሉውን መልሶ መላክ ነውር ነበር፤ ምክንያቱም የዓለም አቀፍ ስልክ ደቂቃ ገንዘብ ነው፣ ገንዘቡንም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

ፊዶኔትን በ1984 የጀመረው ቶም ጄኒንግስ ነው፤ በየቤታቸው ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች በራሳቸው ስልክ እየተደዋወሉ የሚያንቀሳቅሱት መረብ ነበር። በ1989 የወጣው አራተኛው ደንባቸው የመረቡን ጠባይ በሁለት ትእዛዞች ያጠቃልለዋል፤ ሌላውን ከልክ በላይ አታስቸግር፣ አንተም በቀላሉ አትቆጣ። ሰዎች ይህን እንደ ቀልድ ሲጠቅሱት እሰማለሁ፤ በውስጡ ያለው ግን ብርቱ ነገር ነው። ያው ደንብ በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት አሳላፊዎች በሙሉ ሳይፈቅዱ የንግድ መልእክትን በእነርሱ በኩል ማሳለፍ እንደማስቸገር ይቆጠራል ይላል። ንግድ ክፉ ነው አላለም። የሌላውን ሰው የስልክ ሒሳብ ለራስህ ትርፍ አታውል፤ ማዋል ከፈለግህ አስፈቅድ ነው ያለው።

ወይዘሪት ትዕግሥት ስለ መንግሥት ገንዘብ የጻፉትና እኔ ስለ ስልክ ሒሳብ የምጽፈው አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግብር ከፋዩ፣ በፊዶኔት ደግሞ ስልክ የሚደውለው ግለሰብ ወጪውን ይሸከማል፤ ሁለቱም ደንቦች የተጻፉት ወጪውን የሚሸከመውን ሰው ለመጠበቅ ነው። የኮሌጁ ረቂቅ ይህን ሳይናገር ክልከላውን ብቻ ስለገለበጠ ነው ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው የታጣው።

ሰብለ

እጅግ አመሰግናለሁ። አቶ ሙሉጌታ፣ ትናንት የኮሌጃችንን የኢንተርኔት ክፍያ ሰነድ ከሒሳብ ክፍል አስወጥቼ ተመለከትኩ፤ የኮሚቴው አባላት ደንብ ሲጽፉ ይህን ሰነድ ያየ ከመካከላቸው አልነበረም። አንድ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። የመንግሥቱ መስመር ሲዘጋና ንግዱ ሲገባ ወጪውን እያንዳንዱ ለራሱ መክፈል ጀመረ ማለት ነው። ታዲያ ከዚያ በኋላ ደንብ ለምን አስፈለገ?

ዮናታን

ጥያቄዎ የነገሩን መገጣጠሚያ ነው የነካው። ኤንኤስኤፍኔት ሚያዝያ 30 ቀን 1995 ሥራውን ጨረሰ። ደንቡ ግን ከዚያ በፊት ነው መልኩን መለወጥ የጀመረው፤ ለዚህም ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ዲቪ ምስክር ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1994 በአሪዞና የሚገኙ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ አገልግሎታቸው የሚናገር ማስታወቂያ ዩዝኔት ላይ ባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የውይይት ቡድኖች ላይ ለጠፉ። ቡድኑ ስለ ሂሳብ ይሁን ስለ አትክልት፣ ልዩነት አላደረጉም። ዩዝኔት አንድን ጽሑፍ ለብዙ ቡድኖች በአንድ ጊዜ የመላኪያ ዘዴ ነበረው፤ በዚያ ዘዴ የተላከ ጽሑፍ አንባቢው አንድ ቦታ ካየው በሌላው አይደገምበትም። እነርሱ ግን ለእያንዳንዱ ቡድን ለየብቻ ስለላኩት፣ አሥር ቡድን የሚከታተል ሰው አሥር ጊዜ አገኘው። ለዲቪ መመዝገብ በራሱ ክፍያ የማይጠይቅ እንደነበርም ማስታወስ ያስፈልጋል። ተቆጥተው የጻፉላቸው ሰዎች ብዛት የኢንተርኔት አቅራቢያቸውን ሰርቨር አጨናነቀ፤ አቅራቢውም አካውንታቸውን ዘጋ።

እዚህ ላይ ማንም የመንግሥት ደንብ አልጠቀሰም። ጠበቆቹ የኢንተርኔት መስመራቸውን ከፍለው ነበር የሚጠቀሙት። ነገር ግን መልእክቱን ለመቀበል፣ ለማከማቸትና ለማንበብ የሚወጣው ወጪ በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ሰዎች ላይ ወደቀ። ላኪው ለመላክ ጥቂት ይከፍላል፤ የቀረውን ተቀባዩ ይሸከማል። ስለዚህ ወጪውን የሚሸከመው ሰው ተለወጠ እንጂ ወጪው አልጠፋም፤ ከዚያ ወዲህ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ከደንበኛ ጋር በሚፈርሙት ውል ውስጥ ይህን የሚገታ አንቀጽ ማስገባት የተለመደ ሆነ። የጥንቱ ደንብ የሚጠይቀው ስለ ዓላማ ነበር፤ አዲሱ ስለ አድራጎት ይጠይቃል። አድራጎት በመዝገብ ላይ ይታያል፣ ይቆጠራል፤ እኔም ከላይ ደንቡን የነቀፍኩት ስለዚህ ነው።

በቀለ ዘሚቺጋን

ዮናታን ያለው ላይ ሥሩን ልጨምር፤ አድራጎትን የሚመለከተው ሐሳብ በ1994 አልተወለደም። በኅዳር 1988 ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ተማሪ የለቀቀው ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም በግምት 6,000 ኮምፒውተሮችን አጨናንቆ ነበር። በጥር 1989 የኢንተርኔት ተግባራት ቦርድ ባወጣው አጭር መግለጫ ከሥነ ምግባር ውጭ ናቸው ያላቸው ነገሮች ሁሉ አድራጎቶች ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ለመግባት መሞከር፣ መረቡ የታሰበለትን አጠቃቀም ማወክ፣ በእንዲህ ያለ ሥራ የሰውን ጊዜና የማሽኑን አቅም ማባከን፣ መረጃን ማበላሸት፣ የተጠቃሚን ግላዊነት መድፈር። እነዚህን ዛሬም እንዳሉ ልትወስዷቸው ትችላላችሁ።

ማስታወቂያውም ቢሆን ከጠበቆቹ በፊት ነበር። በግንቦት 1978 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን የሽያጭ ሰው ጋሪ ተርክ አዲስ ኮምፒውተር የሚታይበትን ዝግጅት ለአራት መቶ ያህል የአርፓኔት፣ ማለትም ከኢንተርኔት በፊት የነበረው የአሜሪካ መንግሥት መረብ፣ ተጠቃሚዎች አስታወቀ። መረቡን ያስተዳድር የነበረው የመከላከያ መሥሪያ ቤት አርፓኔት ለመንግሥት ሥራ ብቻ የሚውል መሆኑን በመጥቀስ ድርጊቱን ግልጽ ጥሰት ብሎ አወገዘው። አስተውሉ፤ የ1978ቱና የ1994ቱ ድርጊት አንድ ዓይነት ነው፤ የተወገዙበት ምክንያት ግን የመጀመሪያው ዓላማ፣ የሁለተኛው አድራጎት ነው። እኔ ሁለቱም ያስፈልጋሉ እላለሁ። ዓላማውን ያልጻፈ ደንብ መስመሩ ሲጨናነቅ ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ መናገር አይችልም።

ሰብለ

የሁላችሁንም ሐሳብ ይዤ የሚከተለውን አርቅቄያለሁ፤ እባካችሁ ሳትራሩ ተቹልኝ።

«ይህ ኔትወርክ የሚንቀሳቀሰው ከኮሌጁ በጀት ነው፤ የየዓመቱ ወጪም ለተጠቃሚዎች ይገለጻል። የተዘረጋው ለመማር፣ ለማስተማር፣ ለምርምርና እነዚህን ለሚደግፍ ሥራ ነው። ማናቸውም የኮሌጁ ተማሪ፣ መምህርና ሠራተኛ፣ በኮንትራት የሚሠሩትን ጨምሮ፣ ሊጠቀምበት ይችላል። ከዚህ ጎን ለጎን የሚደረግ የግል ግንኙነትና አነስተኛ የግል ሥራ፣ የሌሎችን አጠቃቀም እስካላወከ ድረስ አይከለከልም። መስመሩ ሲጨናነቅ ቅድሚያ የሚሰጠው ለትምህርትና ለምርምር ነው። ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው አካውንት መግባት፣ ላልጠየቀ ሰው በጅምላ መልእክት መላክ፣ የሌላን ሰው መረጃ ማየት ወይም ማበላሸት የተከለከለ ነው።»

የቀድሞው ረቂቅ ስምንት ገጽ ነበር።

ዮናታን

«የሌሎችን አጠቃቀም እስካላወከ ድረስ» የሚለውን በቁጥር ብትገልጹት ይሻላል። የኔትወርክ ክፍላችሁ በትምህርት ሰዓት ለአንድ ተጠቃሚ የሚፈቀደውን የዳታ መጠን ሊወስን ይችላል፤ መጠኑ ከታወቀ ተማሪው ቴሌግራም ላይ ሸሚዝ ይሽጥ ወይስ የቤት ሥራ ይላክ ብሎ የሚሰልል ሰው አያስፈልግም።

ትዕግሥት

በዚህ እስማማለሁ። የጎደለው ግን ጥሰት ሲፈጸም ማን ይወስናል የሚለው ነው። በረቂቁ ላይ ወሳኝ ካልተሰየመ አካውንት የሚዘጋው በዕለቱ ተረኛ የሆነው የኮምፒውተር ባለሙያ ይሆናል፤ ተማሪውም አቤት የሚልበት ቦታ አይኖረውም። ወሳኙ በስም ባይሆን በኃላፊነት ይገለጽ፤ ከውሳኔ በፊትም ተጠቃሚው ይሰማ።

በቀለ ዘሚቺጋን

ለዚህ ከጥንቱ ደንብ የሚወሰድ አለ። ከ1992ቱ በፊት የነበረው ጊዜያዊ ቅጂ፣ የኤንኤስኤፍኔት ጽሕፈት ቤት አንድ አጠቃቀም ከዓላማው ጋር ይስማማል ወይም አይስማማም ብሎ ሲወስን ውሳኔውን ለአማካሪ ኮሚቴውና ለተጠቃሚው ኅብረተሰብ እንዲያሳውቅ ይል ነበር። ውሳኔዎቹ ከታወቁ ቀጣዩ ሰው የሚመራበት ያገኛል፤ ወሳኙም ዛሬ የፈቀደውን ነገ ለመከልከል ይቸገራል።

ሰብለ

ይህን ጨምሬዋለሁ፦ «ጥሰትን የሚወስነው የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ አገልግሎት ኃላፊ ሲሆን፣ ከውሳኔው በፊት ተጠቃሚው ይሰማል፤ ቅር የተሰኘ በአሥር ቀን ውስጥ ለአካዳሚክ ዲኑ ያመለክታል። እያንዳንዱ ውሳኔ ከነምክንያቱ በቤተ መጻሕፍቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል።»

ሰናይት

ሲለጠፍ የተጠቃሚው ስም እንደማይጠቀስ ይጻፍበት።

ሰብለ

ተጽፏል። ረቡዕ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ።